አሥራ ስድስት ሞላ

ደብዳቤው የመጣው ኮሮና የሚባል ነገር ገና በዓለም ሳይሰማ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ብርድ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከምኖርበት ሕንጻ ሥር ካለው የፖስታ ሣጥኔ የመብራት ሂሳብ፣ የፒዛ ማስታወቂያና በትልልቅ ፊደል አስቸኳይ የሚል የታተመበት ፖስታ አወጣሁ። በሰው አገር አስቸኳይ የሚል ፖስታ መቼም ለደግ አይመጣም። የትራፊክ ቅጣት ይሆን፣ የግብር ጣጣ ይሆን እያልኩ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ቀደድኩት። ነገሩ የመኪናዬ ነበር። መኪናዬን የሠራው ፋብሪካ በሞተሯ ውስጥ ካሉት የቫልቭ ሞላዎች አንዱ ሊሰበር እንደሚችል ደርሶበታል፤ ከተሰበረ ሞተሩ በጉዞ ላይ ሊጠፋና ሁለተኛ ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ወኪላችን ይዘዋት ይምጡ፣ ሞላዎቹን ያለ አንዳች ክፍያ እንቀይርልዎታለን፣ ስለተፈጠረው ችግርም ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል።

አሜሪካኖች ይህን ሪኮል ይሉታል። መልሶ መጥራት እንበለው። ቃሉ በእነርሱ ቋንቋ ማስታወስ ማለትም ነው። በእኛ ጥሪ ሲባል የሠርግ ካርድ ነው፤ ለእኔ ዕድሜ ሰው ግን በደርግ ዘመን የሚያስበረግገው የብሔራዊ ውትድርና ጥሪም ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ እኔ ሳልሆን መኪናዬ ተጠራች።

በዚያን ጊዜ የምተዳደረው ሰው በማመላለስ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ አበሻ ታክሲ ነጂ ያልገጠመው ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም መጀመሪያ ታክሲ፣ ኋላ ደግሞ በስልክ የሚጠራውን ሥራ ይዤ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። መኪናዋ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አሥራ ስድስት ቫልቭ ናት። 118 ሺህ ማይል ሄዳለች። እርሷ ስትቆም አብሮ የሚቆመው ብዙ ነው፤ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ በየወሩ አዲስ አበባ የሚላከው። ስለዚህ ደብዳቤውን እንዳነበብኩ መጀመሪያ የታየኝ አደጋው አልነበረም፤ ስንት ቀን ትቆምብኝ ይሆን የሚለው ነው። ሁለተኛ የታየኝ አባቴ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መካኒክ ነበር። ከጎጃም በረንዳ ወረድ ብሎ አራት መኪና በግድ የሚያስገባ ጋራዥ ነበረው። በዚያ ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ሙያውን ከነቃላቱ ትቶልን ሄዷልና። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። ቫልቭን አባቴ ባልቦላ ነው የሚለው፤ መልሶ የሚዘጋውን ጥቅልል ሽቦ ደግሞ ሞላ። ሞላ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ጋራዥ ብቅ ባለ ቁጥር ሠራተኞቹ ለምን እንደሚስቁ እስኪገባኝ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሞተር ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ራስ ላይ አየርና ነዳጅ የሚገባበት፣ የተቃጠለውም ጢስ የሚወጣበት በር አለ፤ በሩ ባልቦላው ነው። ቅርጹ እንጉዳይ ይመስላል፤ ረጅም እግርና ሰፊ ባርኔጣ አለው። በሩን የሚከፍተው እየተሽከረከረ የሚገፋ ዘንግ ነው፤ የሚዘጋው ግን ሞላው ነው። ሞላው ከተሰበረ በሩ ክፍት ይቀራል፤ ከባሰም ባልቦላው ወደ ታች ይወርድና ሽቅብ ከሚመጣው ፒስቶን ጋር ይላተማል። ያን ጊዜ ሞተሩ ሞተር መሆኑ ያበቃል።

አንድ ቀን ተሳፋሪ ስጠብቅ በደብዳቤው ጀርባ ላይ ሂሳብ ሠራሁ። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። እያንዳንዱ ባልቦላ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚከፈት አንዱ ሞላ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። በሰዓት 60 ሺህ ማለት ነው። እኔ በቀን አሥር ሰዓት እነዳ ነበር፤ 600 ሺህ። ይህን ያህል ጊዜ ጎንበስ ቀና ብሎ የማይደክም ፍጡር የለም፤ ብረትም ይደክማል። ጥሩ ብረት በልኩ ከሠራ ግን የመኪናውን ዕድሜ ሁሉ ይችለዋል። የሚገድለው ሲቀልጥ ሳይጠራ የቀረ፣ በዓይን የማይታይ ባዕድ ቅንጣት ነው። ሽቦው በተጨመቀ ቁጥር ጫናው በዚያች ቅንጣት ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ስንጥቋ ትንሽ በትንሽ እየሄደች አንድ ቀን ሽቦው ቋ ይላል። የእኔው ፋብሪካ የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶዮታ በዚሁ በሞላ ጉድፍ ምክንያት ሌክሰስ የተባሉትን የቅንጦት መኪናዎቹን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ወደ 270 ሺህ መኪና ጠርቷል።

ደብዳቤው ከደግነት ብቻ የመጣ እንዳይመስል ደግሞ ይህን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር የሚባል ወጣት ጠበቃ የመኪና ፋብሪካዎችን ግድየለሽነት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ፋብሪካው ጉድለቱን ለባለመኪናው እንዲያሳውቅ የሚያስገድደውን ሕግ ፈረሙ፤ ጥገናው በነጻ ይሁን የሚለው በ1974 ታከለበት። ይቅርታውን በፖስታ የሚያስልከው ሕግ ነው።

ቀጠሮ የተሰጠኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ነዳሁ። ደብዳቤውን ከመሪው ጎን ካለው ኪስ ውስጥ አስቀምጬ፣ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ በገባሁ ቁጥር ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጥዬ ነዳሁ። መሃል መስመር ላይ፣ በግራም በቀኝም የጭነት መኪና እየሄደ፣ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። አንድ ሌሊት ሕፃን ልጅ የታቀፈች ሴት ወደ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሳደርስ ልጇ መንገዱን በሙሉ በመስተዋቱ ውስጥ ያየኝ ነበር። አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ሰው በኪራይ ምክንያት ዝም የሚለው ዝምታ እንዴት ያለ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ቀኑ ሲደርስ ወሰድኳት። የወኪሉ ቤት ቡና አለው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው፣ ወለሉ ላይ እንጀራ ቢጋገር የሚያሳፍር አይደለም። ሞተሩ ካልወረደ ሞላዎቹ ጋ አይደረስምና ሦስት ቀን ትቆያለች አሉኝ። ለጊዜው የምነዳት መኪና ሰጡኝ፤ ነገር ግን ሰው ጭኜ እንዳልሠራባት አስፈረሙኝ። ሦስት ቀን ያለ ገቢ ማለት ነው። ይቅርታ የሚለው ደብዳቤ ይህን አይሸፍንም።

በዚያ ምሽት አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን እንደ ወጣት ነው።

"ደብዳቤውን አንብብልኝ" አለኝ።

እየተረጎምኩ አነበብኩለት።

"ይቅርታም ይላል?"

"ይላል።"

"ጥሩ ነው" አለና ዝም አለ። ቀጥሎ "ሲሊኮን እንዳያበዙ ንገራቸው" አለኝ።

ሲሊኮን የሞተሩ ክዳኖች ሲገጠሙ ዘይት እንዳያፈስሱ በመጋጠሚያው ላይ የሚቀባው ነው። ሲበዛ ወደ ውስጥ ተርፎ ይደርቃል፤ ኋላ እየተቆረጠ ከዘይቱ ጋር ይዞርና ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍናል። ሞተር ያለ ዘይት ደግሞ አይሰነብትም።

"አባባ፣ እነርሱ እኮ የፋብሪካው ሰዎች ናቸው።"

"ፋብሪካው አይደል እንዴ ሞላውን ያበላሸው?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያሰብኩት ሲሊኮኑን አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ ተነሳ። ቀን ሠርቶ ባስረከባት አንዲት ላንድሮቨር ላይ፣ የመሪው ዘንግ ዳዶ እንዳይፈታ የምትገባውን መቆለፊያ ሽቦ ማስገባቱን ማስታወስ አቃተው። ዳዶውን ማጥበቁን ያስታውሳል፤ ሽቦዋን ግን አያስታውስም። ባለመኪናው ጉለሌ ነው የሚኖረው፤ ጠዋት ወደ ፍቼ ሊወጣ ነው። እኛ ቤት ስልክ የለም። ጊዜው ደግሞ የሰዓት እላፊ ጊዜ ነው፤ ከደጅ የተገኘ ሰው ለጥያቄ አይደርስም። አባቴ ኮቱን ደርቦ መዝጊያውን ያዘ፤ እናቴ ኮቱን ያዘች። ድምፅ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ በርጩማ ስቦ ከበሩ ሥር ተቀመጠና ካቻቢቴውን በእጁ እንደያዘ ነጋለት። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሮጦ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ተመለሰ። ሰውየው ሞተር አስነስቶ ሊወጣ ሲል ነው የደረሰበት። መሬት ተኝቶ ሥሯ ገባ። ሽቦዋ ገብታ ነበር።

"ገብታለች" አላት ለእናቴ። ቁርሱን በላ፤ ሥራው ገባ።

ስለ አባቴ ሳወራ ሌላም የማልደብቀው ነገር አለ። በዚያን ዘመን አዲስ አበባን ሞልተዋት የነበሩት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ፊያት 600፣ በእኛ አጠራር ሰይቼንቶ ነበሩ። የሰይቼንቶ ሞላ ሲቀየር ባልቦላውን ከሥር የሚደግፍ ነገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሞላው ሲወጣ ባልቦላው ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል። ደንቡ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ማውረድ ነው። ያ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ባለታክሲ ደግሞ አንድ ቀን የለውም፤ ይህን ዛሬ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አባቴ ሁለቱም ባልቦላ የሚዘጋበትን ጊዜ ጠብቆ፣ ካንዴላውን ይፈታና በቀዳዳው ንጹሕ ገመድ ይከታል፤ ጫፉን ውጪ ይተዋል። ከዚያ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ፒስቶኑ ሽቅብ ሲመጣ ገመዱን ከባልቦላዎቹ ሥር ይጠቀጥቀዋል። ገመዱ ትራስ ሆነ። አሁን ሞላውን ጨምቆ፣ የባልቦላውን አንገት የያዙትን ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ግማሽ ቀለበቶች በማግኔት ያወጣል። አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ይህን ሥራ ለብቻዬ እንድሠራ ፈቀደልኝ። ባለታክሲው ሻይ ሊጠጣ ሄደ፤ አባቴ ሌላ መኪና ሥር ገባ። እኔ ገመዱን አሳነስኩት። ለምን እንዳሳነስኩት ዛሬም አላውቅም፤ ፈጥኜ ጨርሼ ሲወጣ ላስደንቀው ሳይሆን አይቀርም። ቀለበቶቹን ሳወጣ ባልቦላው ከእጄ አመለጠና ወረደ። ድምፁ ትንሽ ናት፤ ጠብ። አባቴ ወጣ፣ አየ፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስከ ማታ ቴስታታውን ሲፈታና ሲገጥም አንድ ቃል አልተነፈሰም። የባለታክሲውን የቀን ገቢ ከኪሱ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ሞላ ንካ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ልንካ አላልኩም። ትምህርቴን ያዝኩ፤ በ1990 ዓ.ም. ዲቪ ደረሰኝና መጣሁ። ጋራዡ ለታናሽ ወንድሜ ቀረ።

በማግሥቱ ወኪሉ ቤት ሄድኩ። ሥራ የለኝም፤ የት ልሂድ? ደንበኛ ከቢጫው መስመር እንዳያልፍ ተብሎ ተጽፏል። ከመስመሩ ወዲህ ቆሜ የመኪናዬን ሞተር በማቆሚያ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ከመኪናው የወጣ ሞተር ሲያዩት ሁልጊዜ ከጠበቁት ያንሳል። የሚሠራው ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ወጣት ነው። ለምሳ ሲወጣ ጠብቄ የአባቴን መልእክት ነገርኩት፤ ሲሊኮን እንዳታበዛ ይልሃል አልኩት። ሳቀ። አባትህ ልክ ነው፣ እኛም በዚሁ ምክንያት ቀስ ብለን ነው የምንቀባው አለኝ። ባልቦላዎቹን በምን ደግፈህ ነው የምታወጣቸው አልኩት፤ በአየር ግፊት አለኝ። የእኛን ገመድ ስነግረው እጄን ጨበጠኝ። አጎቱ አገራቸው ውስጥ እንደዚሁ በገመድ ነበር የሚሠራው።

በሦስተኛው ቀን ተረከብኳት። የመጀመሪያው ቀን የዘይት ሽታ ነበራት፤ ኋላ ጠፋ። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ እስካሁን ትሄዳለች።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ደወለ።

"ጋሼ፣ የኔስ?"

የእርሱን ረስቼው ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግማሹን ገንዘብ የላክሁለት እኔ ነኝ። የእርሱም መኪና የዚያው ዓይነት ናት፤ እንደ አዲስ አበባ አብዛኛው መኪና ያገለገለች፣ በዱባይ በኩል የገባች። በጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ቅዳሜና እሑድ ደብረ ዘይት የሚወርደው በእርሷ ነው። የሻንሲውን ቁጥር ላክልኝ አልኩት። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አሥራ ሰባቱን ቁጥርና ፊደል ሲያስገቡለት መኪናዋ ጥሪ እንዳለባት የሚናገር ገጽ አለው። መኪናዋ መጀመሪያ አሜሪካ የተሸጠች ኖራ ወዲያው ተገኘች። ጥሪ አለባት፤ አልተፈጸመም። ደብዳቤው ለመጨረሻ አሜሪካዊ ባለቤቷ ተልኳል ማለት ነው። እርሱ ተጋጭታበት ሸጧታል፤ ደብዳቤ ደግሞ ባሕር አይሻገርም። በየመንገዱ ስንት እንደዚህ ያለች መኪና ትሄድ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሎ ሰዉ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ፊቱን ሲያዞር መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሞላ የለውም።

ለእኔ በነጻ የሆነው ለወንድሜ በነጻ አልሆነም። አሥራ ስድስቱን ሞላና ጉርኒሲዮኖቹን ከወኪሉ ቤት በገንዘቤ ገዛሁ። ከዚያ የሚሄድ ሰው ፍለጋ ነው። ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ በመጨረሻ የተስማማችልኝ የሰፈራችን ሴት ጥቅሉን ስትከፍት ፊቷን አጠቆረች። "ሰው መድኃኒት ይልካል፣ ጫማ ይልካል" አለችኝ፤ "አንተ ብረት?" አስረዳኋት። ለማንም ያልነገርኩትን ለእርሷ ነገርኳት። ሞላዎቹን በካልሲ ውስጥ ከትታ ወሰደችልኝ።

ሥራው የተሠራው በአንድ ቅዳሜ ነው። በእኔ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊቱ ተጋምሷል፤ እዚያ ግን ረፍዷል። ወንድሜ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በቫይበር ያሳየኝ ነበር። ሞተሩን አስቀድሞ በሰንሰለት አውጥቶታል፤ ዘንጎቹ ወርደዋል። አባቴ ጋቢውን ደርቦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የአየር መጭመቂያው ከተበላሸ ሰንብቷል።

"ገመድ አምጣ" አለው አባቴ።

ወንድሜ ገመዱን በካንዴላው ቀዳዳ መክተት ጀመረ። አባቴ በዓይኑ ማየት ስለማይችል ውጪ የቀረውን ገመድ በጣቶቹ እየለካ ይከታተላል።

"ጨምር።"

"ሞልቷል አባባ።"

"ጨምር አልኩህ። ገመድ አያንስም።" ከዚያ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ፤ የሚያየኝ አልመሰለኝም። "አንተስ፣ አለህ?" አለኝ።

"አለሁ አባባ።"

"እዚያ በምን ሠሩት?"

"በአየር።"

"አየር ጥሩ ነው" አለ። "ግን ካመለጠ ያመልጣል።"

እስከ ንጋት ተቀምጬ አየሁ። አንድ ሲሊንደር አልቆ ወደ ሁለተኛው ሲሄዱ፣ ወንድሜ ቀለበቶቹን በማግኔት ሲያነሳ እኔም ቨርጂኒያ ላይ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አንድም አልወደቀም። አሮጌዎቹን ሞላዎች አባቴ አንድ በአንድ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዙሪያቸውን ዳሰሰ። አሥራ ስድስቱንም። ምንም አላገኘባቸውም።

"ደህና ናቸው እኮ" አለው ወንድሜ።

"ይመስላሉ" አለ አባቴ፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመራቸውና ከእግሩ ሥር አኖራት።

ሞተሩ ተመልሶ የገባው በማግሥቱ እሑድ ነው። ሲነሳ እኔንም ደወሉልኝ። በስልክ ውስጥ የሞተር ድምፅ ቡና እንደሚቆላ ነው፤ ምንም አይለይበትም። አባቴ ግን ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ወንድሜ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሯል።

"ሦስተኛው ትንሽ ዘግየት ይላል" አለ አባቴ።

"አባባ፣ ምንም የለውም። ዘይቱ ገና ስላልሞቀ ነው።"

"ሊሆን ይችላል። ዛሬ ንዳት፤ ደብረ ዘይት ግን እንዳትወርድ። ነገ ጠዋት መልሰህ አምጣት።"